የማለዳ ሩጫ እንዴት ይለመዳል?

ማለዳ ተነስቶ መሮጥን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ትቼዋለሁ። በአራተኛው ጸናልኝ፤ ይኸው አራት ዓመት ሞላኝ። ያኔ ያሸነፈኝ እንቅልፍ ይመስለኝ ነበር። ፍጥነት ነው። ከዚህ በታች ካለው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ስለ ሶምሶማ የምለውን ያዙልኝ።

ማታውን አስቀድማችሁ አስተካክሉ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከሩብ ለመነሳት ማታ 4 ሰዓት ላይ መተኛት ያስፈልጋል። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ቡና ይቅርባችሁ። እናቴ ቤት ከራት በኋላ ቡና ይፈላል፤ እኔ አሁን እጣኑንና ጨዋታውን ብቻ እካፈላለሁ። ልብስ፣ ካልሲ፣ ጫማና ቁልፍ በር አጠገብ ይደሩ። ስልኩ ደግሞ ከአልጋው ይራቅ፤ ተነስታችሁ ካልሄዳችሁ የማታጠፉት ቦታ ይሁን።

ጫማ አዲስ መግዛት ከቻላችሁ ግዙ። ካልቻላችሁ ሰልባጅም ይሆናል፤ እኔ ሁለት ዓመት የሮጥኩት በሰልባጅ ነው። ግን ጠረጴዛ ላይ አቁማችሁ ከኋላ እዩት። ወደ አንድ ጎን ካዘመመ ተዉት፤ ያ ጫማ የሌላ ሰው አረማመድ ይዞ ነው የሚመጣው። ሶሉን በአውራ ጣት ጫን በሉት። እንደ እንጨት ከደረቀም አይሆንም። የሩጫ ሰዓትና አፕ ግን ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ባይኖሩ እመርጣለሁ። ፍጥነት የሚቆጥር ነገር እጁ ላይ ያለ ሰው መቸኮሉ አይቀርም።

መንገዱ ከቤታችሁ በር ይጀምር። ታክሲ ተይዞ የሚኬድበት ሜዳ አይዘልቅም። ጨለማው ገና ስለሆነ ሰው የሚበዛበትን መንገድ ምረጡ፦ ነጠላ ለብሰው ኪዳን የሚሄዱ፣ ከሱብሂ ሶላት የሚመለሱ፣ ሚኒባስ የሚጠብቁ ሰዎች ያሉበትን። ሴቶች ደግሞ ቢያንስ ሁለት ሆናችሁ ውጡ። ደመቅ ያለ ልብስ ልበሱ፤ መኪናው ከፊት ለፊታችሁ እንዲመጣ በግራ በኩል ሩጡ። እርጥብ ኮብልስቶን ላይ አትሩጡ፣ ተራመዱ።

ውሻ ከመጣ መሮጣችሁን አቁሙ። ከሮጣችሁ ያባርራችኋል። ዓይኑን ሳታዩ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ፤ ካልተወ ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ በሉ፣ አብዛኛው ያኔ ይመለሳል። ከነከሳችሁ ግን ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ ክትባቱ ግን በጊዜ ከተወሰደ ያድናል።

አሁን ወደ ዋናው። የመጀመሪያ ሙከራዬ መስቀል አደባባይ ነበር። ለታላቁ ሩጫ ተመዝግቤ አምስት ሳምንት ቀርቶኝ ነበር። ልምምድ የሚሠሩ ልጆች አየሁና ከኋላቸው ገባሁ። ሁለት ዙር ሳልጨርስ ትንፋሼ ተቆረጠ። በማግስቱም ያንኑ ደገምኩ። በዘጠነኛው ቀን ቅልጥሜን ደረጃ መውረድ እስኪያቅተኝ አመመኝ። የሩጫውን ቀን እየተራመድኩ ጨረስኩ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ፋሲካ ጫማውን አልነካሁትም። ሰነፍ ነኝ ብዬ ነበር የደመደምኩት። በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታትም በዚያው መንገድ ሄጄ እዚያው ደረስኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ትላለች፤ እንጦጦ 3,000 ሜትርን ያልፋል። አየሩ ስስ ነው፤ በየትንፋሹ የምናገኘው ኦክስጅን ቆላ ካለው ያነሰ ነው። ተወልደን ያደግንበት ቢሆንም ላልሠራ አካል አይራራም። ሌላም አለ። ትንፋሽ በጥቂት ሳምንታት ይሻሻላል፤ አጥንትና ጅማት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ትንፋሻችሁ «እችላለሁ» ሲል ቅልጥማችሁ ገና ነው። እኔን የጎዳኝ ይሄ ልዩነት ነው።

ያነቃኝ እንጦጦ ላይ ያየሁት ነው። አትሌቶች ባህር ዛፉ ውስጥ አንዱ ከአንዱ ኋላ ተሰልፈው፣ ዛፎቹን እየዞሩ፣ እያወሩ በሶምሶማ ያልፋሉ። ቀላል ቀናቸው ነበር። በፈጣን እርምጃ ብከተላቸው ብዙም አይርቁኝም። እነሱ ይህን ያህል ቀስ ማለት ካስፈለጋቸው እኔ በምን አቅሜ ነው የምከንፈው?

መለኪያው ወሬ ነው። ከጓደኛችሁ ጋር ስትሮጡ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥባችሁ መናገር አለባችሁ። ብቻችሁን ከሆናችሁ አባታችን ሆይን ወይም ፋቲሃን በዝግታ በሉ፤ ቃል መሐል ላይ ትንፋሽ ካጠራችሁ ፈጥናችኋል። ሶምሶማው ከእርምጃ ብዙም የማይለይ ቢመስላችሁ ልክ ናችሁ።

አካሄዱ ይህን ይመስላል። አምስት ደቂቃ ፈጠን ብላችሁ ተራመዱ። ከዚያ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ፤ ይህን ሰባት ጊዜ። በሦስተኛው ሳምንት ሁለት በሁለት አድርጉት። በአምስተኛው አራት ደቂቃ ሶምሶማ፣ አንድ ደቂቃ እርምጃ። በስምንተኛው ሳምንት አካባቢ 20 ደቂቃ ሳታቆሙ ትሮጣላችሁ። በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ፣ ያውም ቀን እያለፋችሁ። ዳገት ላይ ተራመዱ። አንድ ቀን ከቀራችሁ በማግስቱ ደርባችሁ ልትከፍሉት አትሞክሩ። ቅልጥማችሁን አንድ ነጥብ ላይ ስትነኩት የሚያም ከሆነ ማረፍ ነው፤ ካልተሻለ ሐኪም ይየው። የልብ፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር ችግር ያለበት ደግሞ ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

በጾም ሰዓት የምትጠብቁ፣ ወይም ረመዳን ላይ ያላችሁ፣ ሩጫውን ወደ ማፍጠሪያው አስጠጉት። በጠዋት ሮጦ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይቀምሱ መዋል ከባድ ነው።

በ1994 ዓ.ም. የተጀመረው ታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር ነው፤ የሚካሄደውም ህዳር ላይ ነው። እሱን ካሰባችሁ ሰኔ ላይ ጀምሩ። ክረምቱ አያስፈራችሁ። የአዲስ አበባ ዝናብ የሚበረታው ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው። ጭቃው ግን አይቀርም። ጫማው ሲረጥብ ውስጡን ጋዜጣ ጠቅጥቃችሁ ነፋስ ያለበት ጥላ ቦታ አድርቁት። ምድጃ አጠገብ ካስቀመጣችሁት ሙጫው ይለቅና ሶሉ ይገነጠላል።