ሕክምና ለመማር ስታመለክቱ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

የ12ኛ ክፍል ውጤት በተለቀቀ ሰሞን ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያሉት ኢንተርኔት ቤቶች መቆሚያ የላቸውም። እኔም የሰፈሬን ልጆች ቅጽ ሲሞሉ አግዛለሁ። ማትሪክ ላይ አሪፍ ያመጣ ልጅ በወረቀት ጣጣ ሲንከራተት ማየት ያንገበግበኛል።

የስም አለመመሳሰል። ከሁሉም የባሰው ይሄ ነው። ወሎ ውስጥ ከአባት ወይም ከአያት ስም መሐመድ፣ ሰይድ ወይም ሁሴን የሚገኝበት ቤት ብዙ ነው። ጣጣው የሚመጣው ስሙ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ነው። አምና ከአንዲት ልጅ ጋር ወረቀቶቿን አልጋ ላይ ደርድረን አየን። የስምንተኛ ክፍል ካርዷ ላይ የአባቷ ስም ኤስ፣ ኢ፣ አይ፣ ዲ ነው። ትራንስክሪፕቷ ላይ አይ በዋይ ተቀይሯል። የማትሪክ ሰርተፍኬቷ ላይ ደግሞ ኢ ወጥቶ ኤ ገብቷል።

«ጋሼ፣ ሁሉም እኮ ያው አባቴ ነው» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ወረቀቱን የሚያመሳክረው ሰው ግን የሦስት ሰው ስም ነው የሚያየው። ስለዚህ ለፈተና ስትመዘገቡ የገባውን ስም ፊደል በፊደል አንብቡ። ስህተቱ ትራንስክሪፕት ላይ ከሆነ ሳትውሉ ሳታድሩ ትምህርት ቤታችሁ ሬከርድ ቢሮ ሂዱ። ሰርተፍኬቱ ላይ ከሆነ ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ይዛችሁ የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎትን ጠይቁ። የፋይዳ መታወቂያችሁንም አብራችሁ እዩ።

የልደት ቀን። ጥር 10 ቀን 1999 የተወለደ ልጅ በፈረንጅ ጃንዋሪ 18 ቀን 2007 ነው። ዓመቱን ብቻ ቀይረው ወርና ቀኑን እንዳለ የሚተዉ ብዙ ናቸው። አንዴ በትክክል ቀይሩና ሁሉም ቦታ ያንኑ ጻፉ።

ሳያጣሩ መምረጥ። ሁሉም ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አያስተምርም። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ያለው ደሴ ነው፤ የኮምቦልቻው ግቢ የቴክኖሎጂ ነው። ደግሞ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተመደባችሁ ማለት ሕክምና ገባችሁ ማለት አይደለም። መጀመሪያ ፍሬሽማን የሚባለው የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት አለ፤ እዚያ የምታመጡት ውጤትም ይታያል። «ገባሁ» ብሎ የተዘናጋ ልጅ እዚያ ጋ ይቀራል። የግል ኮሌጅ ከሆነ ሀሳባችሁ፣ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ዕውቅናውን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አጣሩ። ዕውቅና የሚሰጠው ለየትምህርት መስኩና ለየካምፓሱ ነው። ኮሌጁ ሌላ ከተማ ፈቃድ አለው ማለት እናንተ የምትማሩበት ግቢ አለው ማለት አይደለም።

በሰው ኢሜይል ማመልከት። ኢንተርኔት ቤት የሚሠራው ልጅ ኢሜይል ይከፍትላችኋል፤ ፓስወርዱ እሱ ጋ ይቀራል። ከሁለት ወር በኋላ መልስ ሲመጣ ልጁ ሥራ ቀይሯል። በራሳችሁ ስልክ ክፈቱ፤ ፓስወርዱንም ደብተር ላይ ጻፉት።

የማመልከቻ ድርሰት። አንዳንድ የግል ኮሌጆችና የውጭ ስኮላርሺፖች «ለምን ሐኪም መሆን ፈለግህ?» ይላሉ። ሁሉም ልጅ «ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሕልሜ ነበር» ብሎ ይጀምራል። አንዱን ልጅ ይሄን አጥፋና የምታውቀውን ንገረኝ አልኩት። ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ የእናቱን ነገር ነገረኝ። ስኳር አለባት። ፍሪጅ ስለሌላቸው ኢንሱሊኗን በእርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ያስቀምጣሉ፤ ጨርቁን ጠዋትና ማታ የሚያርሰው እሱ ነው። ቁጭ ብሎ ያንን ጻፈ። እንግሊዝኛው ጥቂት ግድፈት ነበረበት፤ እሱን አረምንለት። ታሪኩን ግን አንድ ቃል አልነካንም።

የመጨረሻ ቀን መጠበቅ። ኔትወርክ ይቆማል፣ መብራት ይጠፋል። በዚያ ላይ ሰዓቱ አለ። በፈረንጅ 5:00 ፒኤም ከተባለ በእኛ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። ማታ 5 ሰዓት መስሎት በስድስት ሰዓት የዘገየ ልጅ አውቃለሁ። ቢያንስ ሦስት ቀን ቀደም ብላችሁ አስገቡ። የማረጋገጫውን ገጽ ስክሪንሹት አንሱና ለአንድ የምታምኑት ሰው በቴሌግራም ላኩት።