ትልቅ ቁጥር ኤክሴል ላይ ሲበላሽ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ምልክት፦ ጫፉ ዜሮ በዜሮ ይሆናል

ኤክሴል ላይ =2^67-1 (67 ሁለቶች ተባዝተው፣ 1 ሲቀነስ) ብላችሁ ጻፉ። ሴሉን በቁጥር ፎርማት ስታደርጉት 147573952589676000000 ይላችኋል። ይሄ ሊሆን አይችልም። ከ2 ብዜት ላይ 1 ሲቀነስ የሚቀረው ኢ-ተጋማሽ ቁጥር ነው፤ እንዴት በዜሮ ያልቃል? ትክክለኛው 147573952589676412927 ነው።

ምክንያት

ኤክሴል ከ15 አሃዝ በላይ አያሳይም፤ የተረፈውን ቦታ በዜሮ ይሞላዋል። ከስር ያለው ችግር ግን ይብሳል። ቁጥሩ የሚቀመጠው በ53 ቢት (0 ወይም 1 በሚይዙ ቦታዎች) ነው። እስከ 9007199254740992 ድረስ እያንዳንዱ ሙሉ ቁጥር የራሱ ቦታ አለው። ከዚያ በኋላ መዝለል ይጀምራል። ከ2^67 በታች በጣም የሚቀርበው ቁጥር በ16384 ይርቃል። ስለዚህ የቀነሳችሁት 1 ጭራሽ አልተመዘገበም።

ምልክት፦ የማይካፈለው ቁጥር ይካፈላል

ይሄኛው ድምፅ ሳያሰማ ስለሚያሳስት በጣም ያሳስበኛል። =2^67/193707721 ብትሉ ያለ ምንም ክፍልፋይ 761838257287 ይመጣል። 2^67ን ግን ከ1 በስተቀር የትኛውም ኢ-ተጋማሽ ቁጥር አያካፍለውም! በትክክል የሚካፈለው በ1 የሚያንሰው ነው። ፈረንሳዊው መነኩሴ ሜርሴን በ1644 ያንን ቁጥር ብቸኛ (ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው) ነው ብሎ ነበር። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ሉካስ በ1876 ብቸኛ አለመሆኑን አሳየ፤ አካፋዮቹን ግን አላገኘም። እነሱን በ1903 ያወጣቸው አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ኮል ነው፦ 193707721 እና 761838257287።

መፍትሄ

ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ተጠቀሙ፤ ሙሉ ቁጥርን አይቆርጥም። (2**67-1) % 193707721 ቀሪው 0 ነው፤ 2**67 % 193707721 ደግሞ 1። አደራ፣ በነጠላ / አታካፍሉ፤ ወደዚያው ችግር ይመልሳችኋል። // (ሙሉ ድርሻውን የሚሰጠው) ወይም % (ቀሪውን የሚሰጠው) ነው የሚያዋጣው።

በእጅም ማጣራት ይቻላል፦ የአካፋዮቹ አሃዞች ድምር ወደ አንድ አሃዝ ወርዶ ሲባዛ ከብዜቱ ጋር መግጠም አለበት። የመጀመሪያው አካፋይ አሃዞች ድምር 37 ነው፤ 3 እና 7 አስር፣ ከዚያ 1። የሁለተኛው 64፣ እሱም ወደ 1 ይወርዳል። የብዜቱ ድምር 109 ነው፤ ያም 1። አንድ በአንድ አንድ፣ ተገጣጠመ። ይህ ዘዴ አሃዝ ቦታ ሲቀያየር አይዝም፤ ዜሮ የተሞላበትን ግን ብዙ ጊዜ ያጋልጣል።

ቢሮ ውስጥ

የፋይዳ ካርድ ላይ ያለው ባለ 16 አሃዝ ቁጥር በዚሁ ምክንያት የመጨረሻ አሃዙን ያጣል። ከመጻፋችሁ በፊት ኮለሙን ቴክስት አድርጉት። አንዴ ዜሮ ከሆነ በኋላ ፎርማት መቀየር አይመልሰውም፤ ከካርዱ ላይ እንደገና መጻፍ ነው።