ከቀሚስ ሥር የሚታሰር የ18ኛው ክፍለ ዘመን ኪስ በእጅ እንዴት ይሰፋል?

አያቴ ብሯን የምታስቀምጠው መቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጥራ ነበር። ዳቦ ግዢልኝ ስትለኝ ቋጠሮውን በጥርሷ ላላ አድርጋ ትፈታና ታወጣልኛለች። እንግሊዝ አገር ከመጣሁ በኋላ ለንደን በሚገኘው ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የድሮ ሴቶች ኪስ ሳይ፣ መጀመሪያ ትዝ ያለችኝ እሷ ናት።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ወንዶች ኪስ ኮታቸው ላይ የተሰፋ ነበር። የሴቶቹ ግን ለብቻው የሚሰፋ ከረጢት ነው። ከላይ ጠበብ፣ ከታች ሰፋ ይላል። መሐሉ ላይ ወደ ታች የተቀደደ አፍ አለው። በጥብጣብ ወገብ ላይ ይታሰርና ቀሚስ ይለበስበታል። ቀሚሱ ጎኑ ላይ ክፍት ስለሚተውለት እጅ በዚያ ይገባል። አንዳንዷ አንድ፣ አንዳንዷ ግራና ቀኝ ጥንድ ታስራለች። የበር ቁልፍ፣ መቀስ፣ ሳንቲም፣ የሚቀመስ ነገር ሳይቀር እዚያው ነው። ኦልድ ቤይሊ በሚባለው የለንደን ፍርድ ቤት የድሮ መዝገብ ውስጥ ኪሳቸው የተሰረቀባቸው ሴቶች ክስ በብዛት አለ። በ1790ዎቹ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ቀሚስ እየጠበበና ሰውነት ላይ እየወደቀ ሲመጣ፣ በእጅ የሚያዝ ትንሽ ቦርሳ ቦታውን መውሰድ ጀመረ።

ለስፌት ውድድር የታሪካዊ ልብስ ማሟያ መሥራት ለምትፈልጉ፣ ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አላውቅም። ትንሽ ነው። ጨርቁ ብዙ ወጪ የለውም። ደግሞም ዳኛ የሚያየው ነገር ሁሉ አለበት፦ ጥልፍ፣ ጠርዝ፣ ስፌት፣ ውስጡም ውጪውም።

ዕቃው

ግማሽ ሜትር የተልባ እግር ጨርቅ ያስፈልጋል። ሱቅ ስትሄዱ ሊነን ብላችሁ ጠይቁ። ጥቅጥቅ ያለና ክሩ የሚቆጠር ይሁን። ካጣችሁ አቡጀዲ ይሆናል፤ የጥጥ ኪስም በዘመኑ ነበር። ሸማ ግን ለዚህ አይመከርም። ልል ስለሆነ አፉ ላይ ይተረተራል። ጨርቁን ሳትቆርጡ በሙቅ ውኃ እጠቡትና ተኩሱት፤ ሊነን ይሸበሸባል፣ ይሰበሰባልም።

ጥብጣቡ የተሸመነ የጥጥ ወይም የሊነን ይሁን። የሚያብረቀርቀውን የሳቲን ጥብጣብ አትግዙ። ዘመኑን አይመስልም፣ ቋጠሮውም ወገብ ላይ እየተንሸራተተ ይፈታል። ለአፉ 12 ሚሊሜትር፣ ለወገቡ 25 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ይበቃል።

ክሩን በንብ ሰም እሹት። ከንጹሕ የንብ ሰም የተሠራ ጧፍ ቤታችሁ ካለ እሱ ይበቃል፤ የሱቅ ሻማ ግን እየተፈረፈረ ጨርቁ ላይ ይቀራል። ሰም የተቀባውን ክር በሁለት ወረቀት መሐል አድርጋችሁ ካውያ ብታሳልፉበት ሰሙ ክሩ ውስጥ ይገባል። ይህን ካደረግሁ ወዲህ ክሬ ተወሳስቦ አያውቅም። አጫጭር መርፌም ግዙ፤ ረጅም መርፌ ትንሽ ስፌት አያወጣም።

ስፌት መኪና አትንኩ። ኢላያስ ሃው የስፌት መኪና ፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው በ1846 ነው። የ1750ዎቹን ኪስ በመኪና ሰፍቶ ለዳኛ ማቅረብ ድካምን ውኃ ላይ ማፍሰስ ነው።

ልኩ

ጋዜጣ ለሁለት አጥፋችሁ ግማሹን ሳሉ። የእኔ ርዝመቱ 38 ሴንቲሜትር ነው፤ ከላይ 14፣ ከታች 27 ይሰፋል። የታችኛው ማዕዘን ክብ ይሁን። መጀመሪያ ከቁራጭ ጨርቅ ሠርታችሁ ወገባችሁ ላይ እሰሩትና እጃችሁን ክተቱ። እጅ ካልገባ አሁኑኑ አስፉት።

ጥልፉ

ጥልፉን በቅርጹ በተቆረጠ ጨርቅ ላይ አትጀምሩ። ጨርቁ አራት ማዕዘን እንደሆነ ጥለፉ፣ እጠቡ፣ ፎጣ ላይ በፊቱ ደፍታችሁ ተኩሱ፤ ከዚያ ቁረጡ። በቅርጹ የተቆረጠ ጨርቅ የጥልፍ ክብ ውስጥ ሲወጠር ይጣመማል።

ንድፉን ወደ ጨርቅ ለማስተላለፍ በዘመኑ የነበረውን ዘዴ እመርጣለሁ። ወረቀት ላይ ሳሉ፤ መስመሩን ተከትላችሁ በየ2 ሚሊሜትሩ በመርፌ ብሱት። በደንብ የደቀቀ ከሰል በቁራጭ ጨርቅ ቋጥሩ። ወረቀቱን ጨርቁ ላይ አስተኝታችሁ በቋጠሮው ጠቅ ጠቅ አድርጉበት። ወረቀቱን ቀጥ አድርጋችሁ ስታነሱት ጥቁር ነጠብጣብ ተሰልፎ ታገኙታላችሁ። ነጠብጣቡን በቀጭን ብዕር አያይዙና ከሰሉን አራግፉት። ካውያ ሲነካው በሚጠፋው እስክሪብቶ አትታለሉ። ብርድ ሲያገኘው መስመሩ ተመልሶ ይወጣል። የእኔ የተመለሰው ክረምት ላይ ነው፣ ሥራውን ጨርሼ ካስቀመጥኩ በኋላ።

ቀለም ስትመርጡ ደማቅ ሐምራዊ ተዉ። የመጀመሪያው የኬሚካል ሐምራዊ ቀለም የተገኘው በ1856 ነው። ዊሊያም ፐርኪን የሚባል የ18 ዓመት ልጅ የወባ መድኃኒት ሲፈልግ ነው ያገኘው። ከዚያ በፊት ቀዩ ከተክል ሥር ወይም ከነፍሳት፣ ሰማያዊው ከኢንዲጎ፣ ቢጫውም ከዕፅዋት ነበር። አረንጓዴ ደግሞ ቢጫና ሰማያዊ ተደራርቦ የሚወጣ ነው። ቢጫው ቶሎ ስለሚለቅ ሙዚየም ውስጥ ያሉት የጥልፍ ቅጠሎች ብዙዎቹ ዛሬ ሰማያዊ መስለው ይታያሉ። ፎቶ አይታችሁ ቅጠሉን ሰማያዊ ከማድረጋችሁ በፊት ይህን አስታውሱ።

አፉ

ሥራው ሁሉ እዚህ ነው። ጥልፋችሁ ምንም ቢያምር ኪሱ የሚበላሸው በአፉ ነው።

መጀመሪያ የተወዳደርኩበትን ኪስ ሁለት ወር ጠልፌዋለሁ። ለአፉ አንድ ምሽት ሰጠሁት። ጥብጣቡን ለሁለት አጥፌ የጨርቁን ጠርዝ መሐሉ አስገባሁና ፊቱንም ጀርባውንም ባንድ መርፌ እየወጋሁ ሰፋሁት። ከፊት ሲታይ ደስ ይላል። በውድድሩ ዕለት ዳኛዋ ኪሱን አነሳች፣ ገልብጣ አየችው፣ ከዚያ እጇን ከተተች። ኪስ አይደል፣ ምን ታድርግ? ክሩ ሲተረተር ሰማሁት። የአፉ ታችኛው ጫፍ ላይ ጥብጣቡ ጨርቁን ለቅቆ ተነሳ። ጨርቁን የያዘው በአንድ ሚሊሜትር ብቻ ነበር ለካ። እሷም ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ መለሰችው። ቤት ስገባ አለቀስኩ።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው።

የፊቱን ጨርቅ ብቻ ያዙ፤ ጀርባው ገና አይገጠምም። ከላይኛው ጠርዝ መሐል ጀምራችሁ ወደ ታች 18 ሴንቲሜትር መስመር አስምሩ። መስመሩ ከጨርቁ ክር ጋር ትክክል ይሂድ፤ ሰያፍ ከሆነ አፉ እየተለጠጠ ይከፈታል። ሳትቀዱት በፊት የመስመሩን ታችኛ ጫፍ ከበው የሚይዙ ጥቃቅን ስፌቶች ስፉ፣ ከመስመሩ 3 ሚሊሜትር ርቀው፣ እንደ ፈረስ ኮቴ ዞረው። ኋላ ጥብጣቡ ይሸፍናቸዋል። ጨርቁ ወደ ታች እንዳይቀደድ የሚያቆሙት እነሱ ናቸው።

አሁን ቅደዱ። ጫፉ ላይ ሁለት ክር ሲቀር አቁሙ።

ጥብጣቡን በርዝመቱ አጥፋችሁ ተኩሱት፤ አንዱ ወገን በአንድ ሚሊሜትር ሰፋ ይበል። ሰፊው ወደ ጀርባ ይሄዳል። ቀጥሎ ያለው ነው ብዙ ሰው የሚያስቸግረው። ጥብጣብ ቀጥ ያለ ነው፣ አፉ ግን ታች ደርሶ ይመለሳል። ጥብጣቡን ለማጠማዘዝ አትታገሉ። ይልቅ አፉን ግራና ቀኝ ጎትታችሁ ክፈቱትና ሁለቱ ጠርዞች አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይሁኑ። ከታች ያለው ጨርቅ ይጨማደዳል፤ ይጨማደድ። መርፌው ሥር እንዳይገባ ብቻ በጣታችሁ ግፉት። እንዲህ ሲከፈት ጥብጣቡ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ ይተኛል። በትልልቅ ስፌት ወስውሱት።

አሁን ስፉ፤ ግን መጀመሪያ ፊቱን ብቻ። በአንድ ሴንቲሜትር አራት አምስት ስፌት ይበቃል። መሐሉ ላይ፣ ማለትም የአፉ ታችኛ ጫፍ ላይ፣ ስትደርሱ ጨርቁ ጥብጣቡ ውስጥ የሚገባው ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ብቻ ነው። እዚያ ቦታ ላይ በሴንቲሜትር ስምንት አድርጉት፣ መርፌውም ቀድማችሁ የሰፋችኋቸውን ስፌቶች አልፎ ይውጋ። እያንዳንዱን በጥፍራችሁ ቆንጠጥ አድርጋችሁ መያዙን እዩ። ፊቱ ሲያልቅ ገልብጡና ጀርባውን እንደ አዲስ ቀምቅሙ። ሁለት ጊዜ መስፋት ነው፣ ያታክታል። አንድ ወገን ቢሳት ግን ሌላው ይይዛል።

ሲያልቅ አፉን ዝጉት። ጥብጣቡ ታች ላይ በራሱ ይታጠፋል። ከጀርባ በኩል እጥፋቱን በሰያፍ ሦስት አራት ጊዜ ወግታችሁ አስሩት፤ ካልታሰረ ወደ ፊት ብቅ ይላል።

ከዚያ የበር ቁልፎቻችሁን በእጃችሁ ጨብጣችሁ በአፉ ሃያ ጊዜ አስገቡ፣ አውጡ። እንግዳ እጅ እንደሚያደርገው ሳትሳሱ። የሚለቅ ነገር ካለ እናንተ ፊት ይልቀቅ።

መግጠምና ማሰር

ፊትና ጀርባውን ፊት ለፊት አድርጋችሁ፣ ላዩን ትታችሁ ዙሪያውን ስፉ፤ መርፌው ወደ ኋላ እየተመለሰ የሚሰፋው ስፌት ይሁን። ውስጥ የቀረውን ጥሬ ጠርዝ ዘምዝሙት። ዳኛ ውስጡን ማየቷ አይቀርም። ገልብጡ፣ ተኩሱ።

የወገቡ ጥብጣብ ርዝመት የወገባችሁ ልክ ሲደመር 70 ሴንቲሜትር ነው። መሐሉን ከኪሱ መሐል ጋር አግጥሙ፣ የላይኛውን ጠርዝ ከፊትና ከኋላ እንዲያቅፍ አጥፉት፣ በአፉ ዓይነት ሁለት ጊዜ ስፉት። የአፉ ሁለት ከንፈሮች ላይ በኩል ተነካክተው ይቁሙ፤ ክፍተት ከተዋችሁ ኪሱ ሲታሰር አፉ ይገለጣል።

ለዳኛ ስታቀርቡ

አንዳንዶች ያረጀ እንዲመስል በሻይ ይነክሩታል። እኔ አልወደውም። የያኔዋ ሴት ስታስረው እኮ አዲስ ነበር። ንጹሕ ሆኖ ይቅረብ።

አንድ ገጽ ማብራሪያ አብራችሁ አስቀምጡ። የትኛውን የሙዚየም ኪስ እንዳያችሁ፣ የየትኛው ዘመን እንደሆነ፣ ምኑን እንደቀየራችሁና ለምን እንደቀየራችሁ ጻፉ። ሊነን አጥታችሁ በጥጥ ከሠራችሁ በግልጽ ተናገሩ። ዳኛ ራሷ ስታገኘው ነው የሚከፋው።

ኪሱን ሳታጥፉ በስስ ወረቀት ጠቅልሉት። የወገቡን ጥብጣብ ግን አጥፋችሁ አትክተቱ፤ ከሁለቱም ጫፍ ወደ ኪሱ ጠቅልሉትና በአንድ መርፌ ቁልፍ ያዙት። አዳራሹ ውስጥ ካውያ አይገኝም።