ፎስተር ኬር ላይ ያለ ትንሽ ልጅ ቤታችሁ ሲገባ ትምህርቱንና ደህንነቱን እንዴት ትይዙለታላችሁ (አሜሪካ ላላችሁ አበሾች)

አሜሪካ ውስጥ ፎስተር ኬር ላይ ያሉ (ከወላጆቻቸው ተለይተው ለጊዜው ሌላ ቤተሰብ ጋ የሚያድጉ) ልጆች ከ300 ሺህ በላይ ናቸው፣ ከነሱ ውስጥ ቀላል የማይባሉት ገና ኪንደርጋርተን ያልደረሱ ህጻናት ናቸው። አሁን አሁን እኛ አበሾችም ላይሰንስ እያወጣን ልጅ መቀበል ጀምረናል፣ አንዳንዱ ደግሞ ሳያስበው የዘመድ ልጅ ሆኖበት በሌሊት ተደውሎለት የገባበት አለ። ትሬኒንጉ ጥሩ ነው፣ ግን ልጁ ቤት ከገባ በኋላ ትምህርቱን እንዴት እንደምትይዙለት፣ ማን ጋ እንደምትደውሉ፣ ምን የመጠየቅ መብት እንዳላችሁ ብዙ ሰው የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። እኔ የምጽፈው ከጨቅላ እስከ ሁለተኛ ክፍል ገደማ ላሉ ልጆች ነው። ስቴት ከስቴት የሚለያይ ነገር ስላለ ኬዝወርከራችሁን (የልጁን ጉዳይ የሚከታተለውን የኤጀንሲ ሰራተኛ) መጠየቅ አትተዉ፣ የፌደራል ህግ ያልኩት ግን የትም ብትኖሩ ይሰራል።

1. መጀመሪያ ልጁ ይረጋጋ፣ ፊደሉ ይደርሳል

እኛ ትምህርት ላይ ቀልድ አናውቅም። ልጁ በመጣ በሳምንቱ ፍላሽ ካርድ ገዝቶ ኤቢሲዲ ማስቆጠር የጀመረ ሰው አውቃለሁ፣ ከፍቅር ነው፣ ግን አይሰራም። ያ ልጅ በዚያ ሰዓት እያጠና ያለው ሌላ ነገር ነው፣ እዚህ ቤት ነገም ቁርስ አለ ወይ፣ ባለቅስ ይቆጡኛል ወይ፣ ጠዋት ስነሳ እነዚህ ሰዎች ይኖራሉ ወይ። የዚህን መልስ ሳያገኝ ሌላ ነገር አይገባውም፣ እና መልሱን የሚያገኘው ስለነገራችሁት ሳይሆን በየቀኑ ያው ነገር ሲደጋገምለት ነው።

ስለዚህ ቀኑን አንድ አይነት አድርጉለት። ቁርስ፣ ጨዋታ፣ ምሳ፣ እንቅልፍ፣ ገላ መታጠብ፣ መጽሐፍ፣ መኝታ፣ ሁሌም በዚያው ቅደም ተከተል። ማንበብ ስለማይችል በስዕል ስሩትና ፍሪጁ ላይ ለጥፉለት፣ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ራሱ ሄዶ ይየው። ከ3 እስከ 5 አመት ያለ ልጅ የቀኑን ጨምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት አለበት፣ ከ1 እስከ 2 አመት ያለው ደግሞ ከ11 እስከ 14። መጀመሪያ አካባቢ ይሄን ያህል ላይተኛ ይችላል፣ ትንሽ መብራት ተዉለት፣ በሩን ገርበብ አድርጉት፣ ሌሊት ቢነቃ የት እንደሚያገኛችሁ ቀን ላይ እጁን ይዛችሁ አሳዩት።

ምግብ ላይ ደግሞ ረጋ በሉ። አንዲት የማውቃት እናት አንሶላ ስትቀይር ትራሱ ስር ግማሽ ዳቦ፣ የደረቀ ፓንኬክ፣ በናፕኪን የተጠቀለለ ዶሮ አገኘች። ልጅቷ 4 አመቷ ነው። አልተቆጣቻትም፣ ዶሮው ስለሚበላሽ እሱን ብቻ አነሳችና ክዳን ያለው ሳጥን ገዝታ ብስኩትና ዘቢብ ሞልታ አልጋዋ አጠገብ አስቀመጠችላት፣ "ይሄ ያንቺ ነው፣ ሲያልቅ እኔ እሞላዋለሁ" አለቻት። ማታ ማታ አብረው ይቆጥሩታል፣ ስንት ብስኩት ቀረ፣ ነገ ስንት እንጨምር። ትራስ ስር መደበቁ ወዲያው አልቆመም ግን ቀስ እያለ ቀረ፣ ልጅቷም በዚያው መቁጠር ለመደች።

በርበሬ ያልለመደ ልጅ ላይ ወጥ አትጫኑ፣ አልጫውን ይቅመስ፣ እምቢ ካለ የለመደውን ማካሮኒ ይብላ። ጾም የናንተ ነው፣ የልጁን ወተትና እንቁላል አታስቀሩበት።

2. ሐኪም ጋ ቶሎ ውሰዱት

የአሜሪካ የህጻናት ሐኪሞች አካዳሚ ፎስተር ኬር የገባ ልጅ በ72 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያ ምርመራ፣ በ30 ቀን ውስጥ ደግሞ ሙሉ ምርመራ እንዲያደርግ ይመክራል። ሜዲኬይድ ስላለው እናንተ አትከፍሉም፣ ካርዱ ገና ካልመጣ ቁጥሩን ከኬዝወርከሩ ጠይቁ። ጆሮና አይን በደንብ ይታይ፣ "አይሰማም፣ አስቸጋሪ ነው" የሚባል ልጅ አንዳንዴ በእውነት ጆሮው አይሰማም። ጥርስም ከአንድ አመት ጀምሮ ነው የሚታየው። የክትባት ወረቀቱን ኮፒ ያዙ፣ ዴይኬርም ትምህርት ቤትም ይጠይቃችኋል። ከ5 አመት በታች ከሆነ ዊክ (ለትንንሽ ልጆች የሚሰጠውን የመንግስት የምግብ እርዳታ) አመልክቱለት፣ ሜዲኬይድ ላይ ስላለ የናንተ ገቢ አያግደውም።

3. ትምህርት ቤቱን ቶሎ አትቀይሩበት

ብዙ ሰው የማያውቀው እዚህ ጋ ነው፣ ስለዚህ ረዘም አደርገዋለሁ። ልጁ ወደናንተ ከመምጣቱ በፊት የሚማርበት ትምህርት ቤት ካለ፣ ኤሳ የሚባለው የ2015ቱ የፌደራል የትምህርት ህግ ልጁን የሚጎዳው ካልሆነ በስተቀር እዚያው ይቆይ ነው የሚለው። እናንተ ሌላ ዲስትሪክት ብትኖሩም ማለት ነው። ትራንስፖርቱን የትምህርት ዲስትሪክቱና የህጻናት ኤጀንሲው ተነጋግረው ማመቻቸት አለባቸው፣ የናንተ ጭንቀት ብቻ አይደለም። ቤቱን፣ እናቱን፣ አልጋውን ላጣ ልጅ ያችው መምህሩና ያቺው የወንበሩ ቦታ ትልቅ ነገር ነች፣ "እዚህ ሰፈራችን ጥሩ ስኩል አለ" ብላችሁ ቶሎ አታዘዋውሩት፣ ሬቲንጉ 9 ቢሆንም።

መንገዱ በጣም ከራቀ ወይም ሌላ ምክንያት ካለ ደግሞ ስብሰባ ተደርጎ ይወሰናል፣ እናንተም ሀሳባችሁን ስጡ። መቀየር ግድ ከሆነ አዲሱ ትምህርት ቤት ወዲያውኑ መመዝገብ አለበት፣ የልደት ሰርተፊኬት የለም፣ የክትባት ወረቀት አልመጣም፣ ሪከርዱ አልደረሰም ብሎ ልጁን ቤት ማስቀመጥ አይችልም። ፊት ዴስክ ላይ ያለችው ሰራተኛ ይሄን ህግ ላታውቀው ትችላለች፣ አትጣሉ፣ "የፎስተር ኬር ፖይንት ኦፍ ኮንታክት ማነው?" በሉ፣ ዲስትሪክቱ ሰው መድቧል። ምሳና ቁርስ በነጻ ነው፣ የናንተ ገቢ አይታይም።

ገና ትምህርት ቤት ያልደረሰ ከሆነ ሄድ ስታርት (የመንግስት ነጻ የቅድመ ትምህርት ፕሮግራም) አስመዝግቡ። ከ3 እስከ 5 አመት ላሉት ሄድ ስታርት፣ ከዚያ በታች ላሉት ኧርሊ ሄድ ስታርት አለ፣ ፎስተር ኬር ላይ ያለ ልጅ በገቢ ሳይጠየቅ ብቁ ነው። ብቁ መሆንና ቦታ ማግኘት ግን ይለያያል፣ ወረፋ ሊኖር ይችላል፣ ስለዚህ በመጣ ሳምንት ደውሉ፣ ስትደውሉም "ፎስተር ቻይልድ ነው" የሚለውን አስቀድሙ።

ዴይኬር ስታስለምዱት አንዴ ጥላችሁ አትሂዱ። ከተቻለ መጀመሪያ አብራችሁት ለአንድ ሰዓት ቁጭ በሉ፣ በማግስቱ ትንሽ ተዉት። ተደብቆ መውጣት ለማንም ልጅ ጥሩ አይደለም፣ ለዚህ ልጅ ደግሞ ከባድ ነው ምክንያቱም አንዴ ሰው ጠፍቶበታል። እያለቀሰም ቢሆን ተሰናበቱት፣ ስትመለሱም ሰዓት ሳይሆን የሚገባውን ንገሩት፣ "ከእንቅልፍ ስትነሳ፣ መክሰስ ስትበላ፣ ከዚያ እኔ እመጣለሁ"። ያላችሁትን ሰዓት ደግሞ በጭራሽ አታሳልፉ።

4. ወደኋላ የቀረ ከመሰላችሁ አትጠብቁ

"ልጅ ነው፣ ሲያድግ ይናገራል" የሚለውን ለዚህ ልጅ አትጠቀሙበት። ከ3 አመት በታች ከሆነ ኧርሊ ኢንተርቬንሽን (እድገታቸው የዘገየ ጨቅላዎችን የሚረዳው ፕሮግራም) ጋ ራሳችሁ መደወል ትችላላችሁ፣ ግምገማው ነጻ ነው፣ ሪፈር ከተደረገ ቀን ጀምሮ በ45 ቀን ውስጥ ተገምግሞ የእርዳታ እቅዱ ስብሰባ መደረግ አለበት። ቴራፒስቷ ቤት ድረስ ወይም ዴይኬር ድረስ ልትመጣ ትችላለች። 3 አመት ከሞላው ወደ ትምህርት ዲስትሪክቱ ነው የምትሄዱት፣ ኪንደርጋርተን ባይጀምርም። ጥያቄያችሁን በጽሁፍ አድርጉት፣ ኢሜይል ይበቃል፣ ቀኑ እንዲመዘገብላችሁ ነው። ፈቃድ ከተፈረመ በኋላ ስቴቱ የራሱን ጊዜ ካላስቀመጠ ለግምገማው 60 ቀን ነው ያላቸው።

ታዲያ ማነው የሚፈርመው? ይሄን በመጀመሪያው ሳምንት ኬዝወርከሩን ጠይቁ። ብዙ ጊዜ የትምህርት ውሳኔ መብቱ አሁንም የወላጅ ነው፣ አንዳንዴ ዳኛው ሌላ ሰው ይመድባል፣ አንዳንድ ቦታ ፎስተር ወላጁ ራሱ አይኢፒ (የልዩ ትምህርት እቅዱ) ላይ መፈረም ይችላል። ሳታውቁት ከቀረ አንድ ፊርማ ወራት ያስጠብቃችኋል።

ልጁ ቤቱ በስፓኒሽ ወይ በትግርኛ ወይ በአማርኛ ሲያወራ ያደገ ከሆነ ይሄንን ንገሯቸው፣ በሚችለው ቋንቋ መገምገም አለበት፣ አለበለዚያ እንግሊዝኛ አለመቻሉ እንደ ችግር ይጻፍበታል። አበሻ ልጅ ከሆነ ቋንቋውን አታስጥሉት፣ እናቱ ጋ ሲገናኝ የሚያወራበት ነው።

5. በየቀኑ ትንሽ ጊዜ ለሱ ብቻ

ቱተር መቅጠር አያስፈልግም። በቀን 15 ደቂቃ ስልኩን አርቃችሁ ወለል ላይ ቁጭ በሉና እሱ የመረጠውን ተጫወቱ። አትዘዙት፣ "ይሄ ምን ከለር ነው?" እያላችሁ አትፈትኑት፣ የሚያደርገውን ብቻ አውሩለት፣ "ሰማያዊውን መኪና ድልድዩ ስር አሳለፍከው"። ቃል የሚገባው እንዲህ ነው። ማታ መጽሐፍ አንብቡለት፣ እንግሊዝኛችን አይጥምም ብላችሁ አትፈሩ፣ ስዕሉን እያሳያችሁ በራሳችሁ ቃል ብትነግሩትም ይሰራል። ያንኑ መጽሐፍ መቶ ጊዜ ቢያስነብባችሁ አንብቡለት፣ መጨረሻውን ማወቁ ነው ደስ የሚለው።

6. ሲያስቸግር

መምታት የለም። በጥፊም፣ በቁንጥጫም፣ በማንበርከክም፣ ላይሰንሱን ስትወስዱ ፈርማችሁበታል፣ ከፊርማው በላይ ደግሞ ልጁን መልሶ እዚያው ፍርሃት ውስጥ ይከተዋል። ክፍል ውስጥ ብቻውን መዝጋትም እንደዚያው ነው። ሲናደድ ቁመታችሁን ዝቅ አድርጋችሁ አጠገቡ ሁኑ፣ ድምጻችሁን ቀንሱ፣ ጥቂት ቃል ብቻ፣ "ተናደሃል። እዚህ ነኝ።" ምክሩ ከተረጋጋ በኋላ ይሁን። መቼ መቼ እንደሚብስበት በደብተር ጻፉ፣ ቀኑን፣ ከዚያ በፊት ምን እንደነበር፣ ስንት ሰዓት እንደተኛ፣ ያ ደብተር ለሐኪሙም ለኬዝወርከሩም ይጠቅማል።

ዴይኬሩ "ነከሰ፣ መታ፣ ውሰዱልን" ካለ ቶሎ አትቀበሉ፣ ስብሰባ ጠይቁ፣ ኬዝወርከሩንም አስገቡ፣ የልጆች የስነ ልቦና ባለሙያ መጥታ ክፍል ውስጥ እንድታየው ጠይቁ። ለትንንሽ ልጆች የሚሆን ቴራፒ አለ፣ ልጁ ከሚያሳድገው ሰው ጋር አብሮ የሚገባበት ነው፣ ሜዲኬይድ ይሸፍነዋል። እኛ ጋ ቴራፒ ሲባል እብደት ይመስለናል፣ ለልጁ ግን ጨዋታ ነው።

ለመምህሯ ታሪኩን ሁሉ አትዘርዝሩ፣ የልጁ ሚስጥር ነው። የሚያስፈልጋትን ብቻ ንገሯት፣ ድንገት ሲነኩት ይደነግጣል፣ ሰኞ ከቪዚት (ወላጁን ከሚያይበት ቀጠሮ) በኋላ ይደክመዋል፣ የእናቶች ቀን ካርድ ሲሰሩ ለሁለት ሰው መስራት ይፈቀድለት።

7. ወላጆቹና የናንተ ወሰን

የፎስተር ኬር አላማው ብዙ ጊዜ ልጁ ወደ ወላጁ እንዲመለስ ነው። ስለ እናቱ ክፉ ቃል ከአፋችሁ አይውጣ፣ ልጁ ግማሹ እሷ ነች። ፎቶዋን አልጋው አጠገብ አድርጉለት። ከቪዚት መልስ ቢያለቅስ ወይም አልጋ ላይ ቢሸና ቪዚቱ ይቁም ማለት አይደለም፣ ናፍቆት ነው፣ ያን ቀን ሌላ ፕሮግራም አትያዙ። ወደ ቪዚት ሲሄድ የሰራውን ስዕል አስይዙት፣ ክፍል ውስጥ የተማረውን ለእናቱ ጽፋችሁ ላኩ።

የ2014ቱ የፌደራል ህግ እንደ ማንኛውም አስተዋይ ወላጅ የዕለት ተዕለቱን እንድትወስኑ ይፈቅዳል፣ ፊልድ ትሪፕ፣ የጓደኛ ልደት፣ ስፖርት። ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ፎቶውን መልቀቅ ግን አይቻልም፣ የማህበር ግሩፕ ላይም ቢሆን። ጸጉሩን ከመቁረጣችሁ፣ ክርስትና ከማስነሳታችሁ፣ ሌላ ስቴት ይዛችሁት ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ። አዲስ አበባ ይዤው ልሂድ የሚል ካለ ያለ ኤጀንሲውና ያለ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ አይታሰብም።

ፍርድ ቤት ሂሪንግ ሲኖር ሊያሳውቋችሁና ሊሰሟችሁ ይገባል፣ የፌደራል ህግ ነው። እንግሊዝኛው ቢያስፈራችሁ አንድ ገጽ ጻፉና አቅርቡ፣ ስንት ቃል ይናገር ነበር አሁን ስንት፣ ትምህርት ቤት እንዴት ነው፣ ምን ቀጠሮ አለው። ዳኛው ልጁን በየቀኑ የሚያየው ሰው የሚለውን መስማት ይፈልጋል።

8. የሚሄድበት ቀን ሲመጣ

ልብሱን በቆሻሻ ከረጢት አትላኩት፣ ሻንጣ ግዙለት። አንድ ፎልደር አዘጋጁ፣ የክትባት ወረቀት፣ አይኢፒ፣ የመምህሯ ስም፣ ቀጣይ የሐኪም ቀጠሮ፣ ፎቶዎቹ። አንድ ገጽ ደግሞ ስለሱ ጻፉ፣ በምን ዘፈን እንደሚተኛ፣ ምን እንደሚያስደነግጠው፣ የትኛውን መጽሐፍ እንደሚወድ፣ መጽሐፉንም ጨምሩበት። ሄድ ስታርት ወይም ትምህርት ቤት ከጀመረ ከሄደም በኋላ እዚያው መቀጠል ይችል እንደሆነ ኬዝወርከሩን ከመሄዱ ሳምንታት በፊት ጠይቁ፣ አድራሻ ከተቀየረ በኋላ ትራንስፖርት ማመቻቸት ጊዜ ይወስዳል።