የዘጠናዎቹን ሬስሊንግ ግጥሚያ በግጥሚያ ስለ መገምገም

ደሴ ውስጥ አድጎ አርባውን የተሻገረ ሰው የሬስሊንግ ወሬ ሲነሳ ዝም ብሎ አይሰማም። የቪዲዮ ቤቱን አግዳሚ ወንበር፣ በር ላይ በጠመኔ የተጻፈውን የዕለቱን ፕሮግራም፣ ከቅጂ ላይ ተቀድቶ ምስሉ የጦሳ ተራራን ጉም የመሰለውን ካሴት እያነሳ ይከራከራል። ክርክሩ ደስ ይላል፤ ግምገማ ግን አይደለም። ዛሬ ያ ሁሉ ትርኢት ከነሙሉ ርዝመቱ በስልክ ስለሚገኝ፣ አንዱን መርጦ ከመጀመሪያው ግጥሚያ እስከ መጨረሻው በጽሑፍ ለመመዘን ለሚፈልግ ሰው፣ እኔ ራሴ እየተሳሳትኩ የተማርኩትን አካሄድ ከዚህ በታች አስቀምጣለሁ። ለማሳያ በዋናነት የምወስደው የአሜሪካውን የሬስሊንግ ድርጅት የWWFን ዓመታዊ ታላቅ ትርኢት፣ ሬስልማኒያ 10ን ነው።

ከሁሉ በፊት የዘመን አቆጣጠሩ ይስተካከል። «ዘጠናዎቹ» የምንላቸው የሬስሊንግ ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰየሙ ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር ከ1982 እስከ 1992 ዓ.ም. ድረስ ያሉት መሆናቸው ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሳይለይ «የ97ቱ ትርኢት» ብሎ የሚጽፍ ሰው አንባቢውን ወደ ምርጫው ይወስደዋል እንጂ ወደ ታጋዩ ብሬት ሃርት አይወስደውም። ስለዚህ በግምገማው መግቢያ ላይ ሁለቱንም ቀን መጻፍ ይገባል። ሬስልማኒያ 10 የተካሄደው ማርች 20 ቀን 1994 እ.ኤ.አ.፣ ማለትም መጋቢት 11 ቀን 1986 ዓ.ም.፣ ኒው ዮርክ በሚገኘው ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ነው።

ቀጥሎ የያዙት ቅጂ ሙሉ መሆኑ ይረጋገጥ። በዚያ ምሽት የታዩት ግጥሚያዎች ዘጠኝ ናቸው፤ የእርስዎ ቅጂ ከዚያ ካነሰ ተቆርጧል ማለት ነው። በአንጻሩ ለዚያ ምሽት ታቅዶ የነበረው የአሥር ሰዎች የቡድን ግጥሚያ በሰዓት ማጠር ምክንያት ስለ ቀረ፣ እሱን ባለማግኘትዎ ካሴቱን መውቀስ አይገባም። ይህን የመሰለውን ነገር አስቀድሞ ማወቅ ያልተደረገውን እንደ ጎደለ፣ የጎደለውን እንዳልተደረገ አድርጎ ከመጻፍ ያድናል።

አሁን ሁሉም ሰው የሚያነሳውን ጥያቄ አንስተን እንለፈው። ማስታወሻዬን ይዤ በተቀመጥኩበት የእህቴ ልጅ አጠገቤ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ውሸት ነው» አለኝ። «ውሸት መሆኑንማ አውቃለሁ፤ ይልቅ ውሸቱን አሳምረው ሠርተውት እንደሆነ ተመልከትና ንገረኝ» አልኩት። ውጤቱ አስቀድሞ የሚወሰን መሆኑን የትርኢቱ ባለቤት ድርጅት በ1989 እ.ኤ.አ. ለኒው ጀርሲ ግዛት ሕግ አውጪዎች ራሱ ተናግሮታል። ስለዚህ «የተቀነባበረ ነው» ብሎ ግምገማ መጻፍ አዲስ ነገር አይነግርም። አምባሰል የሚያዳምጥ ሰው ዘፋኟን በእርግጥ ጥሏት የሄደው ማን እንደሆነ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ድምጿ አንጀቱን መንካት አለመንካቱን ነው። የሬስሊንግ ገምጋሚም ሊጠይቅ የሚገባው፣ ይህ ግጥሚያ የተዘጋጀው ምን እንዲያሳይ ነበር፣ ያንንስ አሳየ ወይ የሚለውን ነው። ቀሪው ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

ይህን ለመመለስ ወደ ሪንጉ የሚገቡት ሰዎች ለምን እንደሚጋጠሙ መታወቅ አለበት። በቪዲዮ ቤት ቋንቋ አንዱ «አክተር»፣ ሌላው «ወንበዴ» ነበር፤ እነዚህን ቃላት በግምገማ ውስጥ ለመጠቀም ማፈር አያስፈልግም፣ አንባቢ ወዲያው ይገባዋልና። ነገር ግን ወንበዴው ለምን ወንበዴ እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገለጽ። የሬስልማኒያ 10 የመጀመሪያ ግጥሚያ በብሬት ሃርትና በታናሽ ወንድሙ በኦወን ሃርት መካከል ነበር። ኦወን ለዓመታት በታላቁ ጥላ ሥር መኖር የመረረው፣ በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ውስጥ በቡድን ተሰልፈው ሲሸነፉ የብሬትን የተጎዳ እግር ረግጦ ጠብ የጀመረ ልጅ ነው። ይህን ያላነበበ ተመልካች ሁለት ሰዎች ሲታገሉ ብቻ ያያል። ያነበበው ግን እዚህ ወሎ ውስጥ በየቤቱ የሚያውቀውን የታላቅና የታናሽ ነገር ያያል።

ትርኢቱን ሁለት ጊዜ መመልከት ግዴታ ነው። የመጀመሪያው ያለ ብዕር፣ እንደ ማንኛውም ሰው፣ ለስሜት ነው። ሁለተኛው ደብተር ተይዞ፣ ደቂቃው በኅዳግ እየተጻፈ፣ እያቆሙና ወደ ኋላ እየመለሱ ነው። ሁለተኛውን እይታ ትዝታ ሊተካው እንደማይችል የተማርኩት በራሴ ላይ ደርሶ ነው። የዚህኑ ምሽት የመሰላል ግጥሚያ፣ ማለትም ከሪንጉ በላይ የተሰቀሉትን የሻምፒዮንነት ቀበቶዎች በመሰላል ወጥቶ ያወረደ የሚያሸንፍበትን የሾን ማይክልስና የሬዘር ራሞን ግጥሚያ፣ ልጅ ሳለሁ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ሳይ፣ መሰላሉ ሊወጣ ሲል መብራት ጠፋ። የቤቱ ባለቤት ገንዘባችንን መመለስ ስላልፈለገ በጨለማው ውስጥ ቆሞ መጨረሻውን በቃሉ ተረከልን፤ ሾን ማይክልስ ከመሰላሉ ላይ ተወርውሮ ከሪንጉ ውጭ ራሱን ስቶ እንደ ቀረ በእጁ እያሳየ ነገረን። እኔም ለሃያ ዓመት ያንን በዓይኔ እንዳየሁ ሆኜ ስከራከር ኖርኩ። በኋላ ሙሉውን ሳየው ማይክልስ ራሱን አልሳተም፤ እግሩ በሪንጉ ገመዶች መካከል ተጠልፎ እየተንፈራገጠ ሳለ ነው ሬዘር ራሞን ወጥቶ ቀበቶዎቹን ያወረደው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በእውነተኛው አጨራረስ ተሸናፊው ሁሉን እያየ አቅቶታል፣ ነገሩም የሚያንገበግበው ለዚህ ነው።

በሁለተኛው እይታ ዓይን የት ላይ ማረፍ አለበት? የእኔ ምክር አንድ ነገር መርጦ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መከተል ነው፤ ሁሉን ልያዝ የሚል ሁሉን ይበትናል። በወንድማማቾቹ ግጥሚያ ላይ እኔ የመረጥኩት የብሬትን ጉልበት ነው። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ብሬት ታናሹን ለመጉዳት የሚያቅማማ ይመስላል፣ ኦወን ደግሞ ባገኛት ትንሽ ብልጫ ሁሉ ይፈነድቃል። ከዚያ ብሬት ከገመዱ በላይ ወደ ውጭ ዘሎ ሲያርፍ ጉልበቱን ይይዛል፤ ከዚህች ቅጽበት ጀምሮ ኦወን እግሩን አይለቅም፣ ይረግጠዋል፣ ያጣምመዋል። የገምጋሚው ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። ብሬት ተነስቶ የማጥቃት ተራው ሲደርሰው ጉልበቱን ይረሳዋል ወይስ ያነክሳል? ብዙ የዘመኑ ታጋዮች ይረሱት ነበር፤ አምስት ደቂቃ ሲታሽ የቆየው እግር በድንገት ድኖ ሲሮጡበት ይታያል፣ ይህም በደብተር ላይ እንደ ጉድለት የሚመዘገብ ነው። ብሬት ግን አይረሳውም። ሃያ ደቂቃ ገደማ ሲሞላ በኦወን ትከሻ ላይ ወጥቶ ሊጥለው ሲሞክር ታናሹ ቁጭ ብሎ ያከሽፈዋል፣ ዳኛው ሦስት ቆጥሮ ድሉ የእሱ እስኪሆንም ድረስ እዚያው ይዞ ያስቀረዋል። በምሽቱ መጨረሻ ብሬት ከግዙፉ ሻምፒዮን ከዮኮዙና ጋር ለዋናው ቀበቶ ሲገጥም እያነከሰ ይገባል። እንግዲህ አንድ ጉልበት ተከትለን የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ግጥሚያ የሚያያይዘውን ክር አገኘን። ብሬት ዮኮዙናን አሸንፎ በሰዎች ትከሻ ላይ ሲነሳ ኦወን መተላለፊያው ላይ ቆሞ ያየዋል፤ የዚያን ምሽት ታናሹ ታላቁን አሸንፏል፣ ቀበቶው ግን በታላቁ እጅ ነው። ግምገማው ይህን ካልያዘ ሌላው ሁሉ ቢጻፍም ዋናው አመልጦታል።

ለሁሉም ግጥሚያ እኩል ቦታ መስጠት አያስፈልግም። በዚሁ ትርኢት ኧርዝኩዌክ አዳም ቦምብን ያሸነፈው አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ነው፤ ለእሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ሆኖም አጭር ሁሉ መጥፎ አይደለም። በተለይ የየሳምንቱን የቴሌቪዥን ትርኢት የሚገመግም ሰው በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ዓመታት አብዛኛው ግጥሚያ ስመ ጥሩን ሰው ከማይታወቅ ጋር አጋጥሞ የሚያሳይ ማስታወቂያ መሰል ነገር እንደነበር ማስታወስ አለበት። ሰኞ ማታ ሮው ጃንዋሪ 11 ቀን 1993 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ ግጥሚያዎች አንዱ ዮኮዙና ኮኮ ቢ ዌርን የደፈጠጠበት ነው፤ ሥራው የዮኮዙናን ክብደት ማሳየት ነበር፣ አሳይቷልም። የተፎካካሪው ድርጅት ትርኢት ናይትሮ ሴፕቴምበር 4 ቀን 1995 እ.ኤ.አ. ከተጀመረና ሁለቱ በአንድ ምሽት ተመልካች መሻማት ከያዙ በኋላ ግን ትልልቅ ስሞች በነፃ ቴሌቪዥን እርስ በርስ መጋጠም አዘወተሩ። ናይትሮ በተከታታይ 83 ሳምንት በተመልካች ብዛት መርቷል። የ1993ቱን ትርኢት በ1997ቱ ሚዛን የሚለካ ገምጋሚ ሁለቱንም ይበድላል።

የሚያስቆጣ አጨራረስም የራሱ አመዛዘን አለው። ሌክስ ሉገር ከዮኮዙና ጋር ሲገጥም ዳኛ ሆኖ የቆመው ሚስተር ፐርፌክት ነበር፤ ሉገር ባላንጣውን አስተኝቶ ሳለ ዳኛው አልቆጥርም አለ፣ ሉገር ገፈተረው፣ ዳኛውም ከጨዋታ ውጭ አደረገው። ተመልካቹ መቆጣቱ ብቻውን ጉድለት አይደለም፣ ምክንያቱም የዚህ ዓይነቱ አጨራረስ ዓላማው ማስቆጣት ነው። ቁጣው የሚያመራበት ቦታ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ግን ተገቢ ነው። እኔ በበኩሌ ግጥሚያው ራሱ ከዚያ በፊት ለረጅም ጊዜ ተኝቶ ስለ ነበር ቁጣውን የሚሸከም ጉልበት አላገኘሁበትም፤ ሌላ ሰው በተቃራኒው ቢጽፍ አልከራከረውም።

ከሪንጉ ውጭ ያለውም ይደመጥ። ኮሜንታተሮቹ በዚህ ዘመን ተዋናዮች ናቸው። በሬስልማኒያ 10 ጄሪ ሎውለር ሆነ ብሎ ለወንበዴዎቹ ያደላል፣ አጠገቡ ያለው ቪንስ ማክማን ደግሞ ያን ጊዜ የድርጅቱ ባለቤት ራሱ ነበር፤ እሱ «ታላቅ ግጥሚያ» ማለቱ ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ የተጠራጠሩበትን ክፍል ድምፁን ዘግቶ አንድ ጊዜ ማየት ይጠቅማል። ድምፅ ሲጠፋ የሕዝቡን እጅና ፊት ማየት ይቀራል፣ እሱ ደግሞ አይዋሽም፤ ሰው ከወንበሩ የሚነሳው መቼ እንደሆነ ደቂቃውን ይመዝግቡ።

በኋላ የሆነውን ማወቅ ሚዛን ሊያዛባ ይችላል። ኦወን ሃርት ሜይ 23 ቀን 1999 እ.ኤ.አ. ካንሳስ ሲቲ ውስጥ ከአዳራሹ ጣሪያ በገመድ ሲወርድ ወድቆ ሞቷል። ይህን የሚያውቅ ሰው የ1994ቱን ደስታውን ሲያይ ልቡ ይነካል፣ መነካቱም ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሐዘኑ በተለየ አንቀጽ ይጻፍ እንጂ ለግጥሚያው በሚሰጠው የደረጃ ኮከብ ላይ አይጨመር። አደጋንም እንደ ጥበብ አልቆጥርም። ጁን 28 ቀን 1998 እ.ኤ.አ. ፒትስበርግ ውስጥ አንደርቴከር ማንካይንድን አምስት ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው የብረት ቀፎ (ሪንጉን ከነጣሪያው የሚሸፍን የሽቦ ቤት) ጫፍ ላይ ወርውሮት በኮሜንታተሮቹ ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ፣ ሁላችንም ጮኸናል። ሰውዬው እንደ ገና ወጥቶ የቀፎው ጣሪያ ከሥሩ ተከፍቶ ሲወድቅ ግን የምንገመግመው ትግል አልነበረም። ይህን በግልጽ ጽፎ ኮከብ መንፈግ የገምጋሚው መብት ነው።

ስለ ኮከብ ከተነሳ፣ በዓለም የተለመደው እስከ አምስት የሚደርስ አሰጣጥ ሲሆን፣ አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ዴቭ ሜልትዘር ለራሞንና ለማይክልስ የመሰላል ግጥሚያ አምስቱንም ሰጥቶታል። ኮከቡን ከጽሑፉ በፊት መወሰን ግን አደገኛ ነው፤ ቁጥሩ አስቀድሞ ከተቀመጠ ጽሑፉ ጠበቃው ሆኖ ይቀራል። መጀመሪያ ይጻፍ፣ ኮከቡ ከጽሑፉ ይውጣ።

በአጻጻፍ በኩል ሁለት ነገሮች ብቻ አነሳለሁ። ስም በአንድ ዓይነት ፊደል ይጻፍ፤ ብሬት በአንዱ ገጽ ብሬት፣ በሌላው ብሪት መሆን የለበትም። ታጋዩ በዚያ ትርኢት በነበረው ስም ይጠራ፤ ሬዘር ራሞንና ዲዝል በ1996 እ.ኤ.አ. ወደ ተፎካካሪው ድርጅት ተሻግረው ስኮት ሃልና ኬቨን ናሽ ተብለዋል፣ በ1994ቱ ግምገማ ውስጥ ግን ራሞንና ዲዝል ናቸው። የአያያዞቹንም የእንግሊዝኛ ስም ብቻ መደርደር አንባቢን ያርቃል። «ሻርፕሹተር» ከማለት ጋር፣ የተጋጣሚውን ሁለት እግሮች በራሱ እግር ዙሪያ አቆላልፎ፣ በሆዱ ገልብጦ፣ ወገቡ ላይ እንደሚቀመጥ ወደ ኋላ መሳብ መሆኑን አንድ ጊዜ ማስረዳት ያስፈልጋል።

ጽሑፉ ሲያልቅ ትርኢቱን አይቶ ለማያውቅ ሰው ይነበብለት። እኔ የመሰላሉን ግጥሚያ ግምገማ ያነበብኩት ፒያሳ አካባቢ ሱቅ ላለው ጎረቤቴ ነው። የማይክልስ ጠባቂ ዲዝል በዳኛው መባረሩን፣ ማይክልስ ከመሰላሉ ጫፍ መዝለሉን፣ እግሩ በገመድ መጠለፉን ሁሉ በጥሞና ሰምቶ ሲያበቃ፣ «መልካም፤ ግን አንድ ቀበቶ አይበቃም ነበር? ሁለት የሰቀሉት ለምንድን ነው?» አለኝ። ያን ያህል ገጽ ሞልቼ ዋናውን ነገር አልጻፍኩም ነበር። ወደ ቤት ተመልሼ ከአንቀጹ አናት ላይ ይህን ጨመርኩ፦ «ማይክልስ ታግዶ ቀበቶው ተነጥቆ ነበር፤ በምትኩ የተዘጋጀውን ራሞን አሸነፈ፣ ማይክልስ ግን የድሮውን ይዞ ተመልሶ እውነተኛው ሻምፒዮን እኔ ነኝ አለ፤ ስለዚህ ሁለቱም ተሰቀሉ።»