ሙሉ ጨረቃ ከሐይቅ ማዶ ስትወጣ እንዴት ፎቶ እናንሳት?

አንድ ምሽት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ካሜራ ደግኜ ጨረቃን ስጠብቅ ቆየሁ። የለችም። ዞር ስል ከጀርባዬ፣ ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ ወጥታለች። ለካ ከተማው ያለው ከሐይቁ በስተምሥራቅ ነው፤ ጨረቃም የምትወጣው በምሥራቅ። ስለዚህ መጀመሪያ ቦታ፣ ካሜራው ይደርሳል።

ከሐይቁ ምዕራብ ዳር ቁሙ። ላንጋኖ ለዚህ ምቹ ነው፤ በአስፋልቱ በኩል ያለው ዳርቻ ፊቱ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አርሲ ተራሮች ነው። ሐዋሳ ያላችሁ ደግሞ ንጋት ላይ ሞክሩ፤ ያኔ ሙሉ ጨረቃ በሐይቁ በኩል ትጠልቃለች። የምትወጣበት አቅጣጫ እንደ ወሩ ይለያያል፦ በታኅሣሥ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ በሰኔ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ታደላለች።

ቀጥሎ ቀን ምረጡ። እኔ ሙሉ ከምትሆንበት ቀን ይልቅ ዋዜማውን እወዳለሁ። ጨረቃ በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየች ስለምትወጣ፣ በዋዜማው ፀሐይ ሳትጠልቅ ትወጣለች። ተራሮቹ ትንሽ ቢያዘገዩዋትም ውሃው ገና ብርሃን አለው። ሰዓቱን እንደ ስቴላሪየም ያለ አፕ ይነግራችኋል። 17:40 ካለ በእኛ 11:40 መሆኑን እንዳትረሱ፤ በዚህ የተሸወደ ብዙ ነው።

ለዓይን ትሪ የምታክለው ጨረቃ በስልክ ፎቶ ላይ የምስር ፍሬ ትሆናለች። ሩቁን የሚያቀርብ፣ 200 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ሌንስ ካለ ጥሩ። ከዚያ ራቅ ያለ ጀልባ ወይም ዛፍ ፈልጉና ከጨረቃዋ ጋር በዙም አንድ ላይ አስገቡ። ትልቅ የምትመስለው ያኔ ነው።

አሁን ብርሃን። ካሜራው ጨለማውን አይቶ ፎቶውን ያፈካዋል፤ ጨረቃዋም ነጭ ክብ ብቻ ትሆናለች። በስልክ ከሆነ ጨረቃዋን በጣት ነክታችሁ ያዙና ብርሃኑን ወደ ታች ሳቡት። በካሜራ አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ንቃት) 100፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) 8፣ ሹተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/125 ሰከንድ መነሻ ይሁናችሁ። ገና ዝቅ ብላ ስትቀላ ደብዘዝ ስለምትል ሹተሩን ወደ 1/30 አዘግዩት። ትራይፖድ ከሌለ ስልኩን ድንጋይ ላይ አስደግፉና የ2 ሰከንድ ታይመር ተጠቀሙ።

የመጀመሪያውን ፎቶ አንስታችሁ አትሂዱ። ሰማዩ ሰማያዊነቱ ሳይጠፋ ውሃው ላይ የብርሃን መስመር መታየት ይጀምራል። ችኮላ የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው፤ አገራችን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ 20 ደቂቃ ገደማ ቢኖራችሁ ነው። ሰማዩ ከጠቆረ ወይ ጨረቃዋ ወይ ውሃው እንጂ ሁለቱም ባንድ ፎቶ እሺ አይሉም። እኔ ያኔ ዕቃዬን እሸክፋለሁ።