ለዓሣ «ቫይታሚን» ከመግዛታችሁ በፊት፦ ማየት የሰለቹኝ ስህተቶች

«ዓሣዎቼ አላድግ አሉ፣ ምን ቫይታሚን ልግዛ?» ብሎ የሚደውልልኝ ሰው አይጠፋም። እኔ ደግሞ «ስንት ጫጩት ከተትክ? አሁንስ ስንት ይኖራል?» እለዋለሁ። ቆሮሶ (ቲላፒያ) ወንድና ሴቱ ተቀላቅሎ ከገባ ሳያድግ ይራባል። 500 ጨምሬያለሁ የሚሉትን ኩሬ በመረብ ስንስበው ጣት የሚያካክሉ ዓሣዎች ተፈልፍለው እንደ ጉድ ይንፈራገጣሉ። ያን ሁሉ አፍ የሚያጠግብ ዱቄት የለም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ፤ የዶሮ ቫይታሚን። ከእንስሳት መድኃኒት ቤት የሚገዛ፣ በመጠጥ ውሃ የሚሟሟ ዱቄት አለ አይደል? እሱን አምጥተው ኩሬው ላይ ይበትኑታል! ጨው አልባ ውሃ ውስጥ የሚኖር ዓሣ እኮ እንደ ዶሮ ውሃ አይጠጣም፣ ቢጠጣም ኢምንት ነው። ስፋቱ 200 ካሬ፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር የሆነ ኩሬ 200 ሺህ ሊትር ይይዛል። 100 ግራም ብትበትኑበት ለአንድ ሊትር የሚደርሰው ግማሽ ሚሊግራም ነው። ገንዘባችሁን ውሃ በላው ማለት ይሄ ነው። «እሺ፣ ከመኖው ጋር ላሽው» ያለም አልዳነም። ዶሮ ቫይታሚን ሲን በገዛ አካሏ ስለምትሠራ ብዙው የዶሮ ፕሪሚክስ (የተዘጋጀ የቫይታሚንና የማዕድን ድብልቅ) ውስጥ የለበትም። ቆሮሶና አምባዛ ግን መሥራት አይችሉም፤ ካላገኙት አከርካሪያቸው ይጣመማል።

ይህን የማውቀው ስላደረግኩት ነው። ጀማሪ ሳለሁ ፉርሽካ፣ የኑግ ፋጉሎና የዓሣ ዱቄት አቡክቼ በሥጋ መፍጫ አወጣ ነበር። እንዲያያዝልኝ የስንዴ ዱቄት በፈላ ውሃ አገነፋና ቫይታሚን ሲውን እዚያው ትኩስ ገንፎ ላይ እነሰንሳለሁ። ሲያልቅ ደግሞ ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ አሰጣዋለሁ። ሙቀት፣ አየር፣ ብርሃን፤ ቫይታሚኑን የሚያጠፉትን ሦስቱንም አሟልቼ! ኩሬው ጂኦሜምብሬን (ወፍራም ላስቲክ) የተነጠፈበት፣ ውሃው ኩልል ያለ ስለነበር ዓሣዎቹ ከሌላ የሚያገኙት አልነበረም። ከወራት በኋላ አንዱን አውጥቼ መዳፌ ላይ ሳስተኛው ጀርባው እንደ ማጭድ ታጥፏል። የኩሬው ባለቤት እትዬ አጠገቤ ቆመው «ይሄ ከዚያ ከምትነሰንሰው ነው ልጄ?» አሉኝ። ምን ልበላቸው?

ዛሬ ሙቀት የሚችለውን፣ ፎስፌት የተያያዘበትን ቫይታሚን ሲ እገዛለሁ። መኖውን ጥላ ላይ አደርቃለሁ። ሌላ የምጨምረው ካለ ከደረቀ በኋላ ለ1 ኪሎ መኖ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር የምግብ ዘይት ይዤ እለውሰዋለሁ፤ ዘይቱ ዱቄቱን ውሃው ቶሎ እንዳያጥበው ይይዘዋል። የማሰናዳውም የሳምንት ብቻ ነው።

የአፈር ኩሬ ያላችሁ በመጀመሪያ ክንዳችሁን እስከ ክርን ውሃው ውስጥ ክተቱ። ውሃው ክርናችሁ ላይ ሲደርስ መዳፋችሁ ከጠፋ ውሃው በቂ አረንጓዴ ነው፣ አልጌ ሞልቶበታል፤ ዓሣው ብዙ ቫይታሚን ከዚያው ይለቅማል። ጥርት ብሎ ከታያችሁ ከዱቄቱ በፊት ፍግ ነው የሚቀድመው።

ፕሮባዮቲክ ሕይወት ያለው ባክቴሪያ ነው፤ ከአንቲባዮቲክ ጋር መስጠት ይቅር።

የእንቁላል ቅርፊት የምትፈጩም ተዉት። ካልሲየሙን ዓሣው ከውሃው ይስባል፤ ከመኖ የሚያጥረው ፎስፈረስ ነው፣ በፋጉሎና በፉርሽካ ውስጥ ያለውን ደግሞ አብዛኛውን መፍጨት አይችልም። ዳይካልሲየም ፎስፌት ግዙ።

የሻገተ ፋጉሎ «ለላም ባይሆን ለዓሣ ይሆናል» የሚባለውን ማን እንደጀመረው ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። በአዲስ አበባ ዙሪያ ወተት ላይ የአፍላቶክሲን (የሻጋታ መርዝ) ወሬ ያስነሳው ይኸው የኑግ ፋጉሎ ነው። ብትቀቅሉትም መርዙ አይለቅም፣ የዓሣውን ጉበት ይበላል። ከዚያ የጉበት ቶኒክ ፍለጋ ይመጣል።

ደጋ ያላችሁ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ውሃው ከ20 ዲግሪ በታች ሲወርድ ቆሮሶ እንደ ልቡ አይበላም። መኖውን ቀንሱ እንጂ ማጣፈጫ አትጨምሩበት።

ባለፈው አንድ ልጅ ገና ሳይነጋ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ቪዲዮ ላከልኝ። ዓሣዎቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው አየር ይውጣሉ። «ጋሼ፣ ርቧቸዋል መሰለኝ፣ በቫይታሚን ያሸሁትን እጥፍ አድርጌ ሰጠኋቸው» ይላል። ሌሊቱን ኦክስጅን አልቆባቸው ሲታፈኑ ነው መኖ የተከመረባቸው። «መኖውን ተውና ቧንቧውን ክፈትላቸው!» አልኩት።

«ውሃ የሚመጣው ማክሰኞና ዓርብ ነው ጋሼ» አለኝ። ዕለቱ ረቡዕ ነበር።